ሚዛን ብቻውን አይበቃም፦ የሰውነት ስብና ጡንቻን ለክቶ የጤና ስጋትን ማወቂያ መንገድ

ብዙ ሰው ስለ ጤናው ማወቅ ሲፈልግ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ወይ ደስ ይለዋል ወይ ይደነግጣል፣ በቃ። ሚዛኑ ግን የሚነግራችሁ አጥንቱም ጡንቻውም ውሃውም ስቡም ተደምሮ ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ነው። ለጤና ወሳኙ ጥያቄ ከዚህ ውስጥ ስቡ ስንት ነው፣ ጡንቻው ስንት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስቡ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ይሄን ለማወቅ የግድ ውድ ማሽን አያስፈልግም፣ አንድ ሜትር (ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት አይነት)፣ ሚዛንና ካልኩሌተር ካላችሁ አብዛኛውን ቤታችሁ ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ቦታው ለምን ወሳኝ ሆነ? ስብ በሁለት ቦታ ነው በዋናነት የሚጠራቀመው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ የምትይዙት ነው። ሁለተኛው ሆድ ዕቃ ውስጥ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚቀመጠው፣ በጣት የማይያዘው ነው። ይሄ የውስጠኛው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፣ ፋቲ አሲድና ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ይለቃል፣ እነሱም ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር በኩል ቀጥታ ጉበት ላይ ይደርሳሉ፣ ከዛ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) በደንብ መሥራት ያቅተዋል፣ ደም ውስጥ ያለው ስኳርና ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ የሚዘዋወር የስብ አይነት) ይጨምራል፣ ጉበቱም ራሱ ስብ ይይዛል። ዣን ቫግ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ገና በ1947 (እንደ ፈረንጆች) ሆድና የላይኛው አካል ላይ የሚከማች ስብ ዳሌና ጭን ላይ ካለው የበለጠ ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ኪሎ እያላቸው ስጋታቸው በጣም ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ምንም ሳትበሉና ሳትጠጡ ለኩ። ስስ ልብስ ወይም የውስጥ ልብስ ብቻ ልበሱ፣ ወገብ የሚለካው በተቻለ መጠን ባዶ ቆዳ ላይ ነው። ሜትሩንም አንዴ ከማስመሪያ ጋር አስተያዩት፣ የጨርቅ ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ደብተር ወይም ሞባይል ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎ፣ ቁመት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ አንገትና ባት ብላችሁ ቦታ አዘጋጁ።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም በቅርብ ከወለዳችሁ ይሄ ሁሉ ለናንተ አይሠራም፣ ለጊዜው ተዉት። ሆድ በፍጥነት እየተነፋ እጅና እግር ግን እየቀጠነ ከሆነም ነገሩ ስብ ላይሆን ይችላል፣ በጉበት ወይም በሌላ በሽታ ምክንያት ፈሳሽ ተቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሜትር ሳታነሱ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ቁመትና ክብደት፣ ከዛ ቢኤምአይ

ጫማ አውልቁ፣ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳ እንዲነካ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ፊት ለፊት እዩ። ሌላ ሰው ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጭንቅላታችሁ ላይ ግድግዳውን አስጠግቶ ያስቀምጥና ሥሩን በእርሳስ ምልክት ያድርግ፣ ከወለል እስከ ምልክቱ ለኩ። ቁመት ከጠዋት እስከ ማታ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚቀንስ ሰዓቱን አትቀያይሩ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ የድሮ ቁመታቸውን ከመታወቂያ ላይ ባይወስዱ ይሻላል፣ የጀርባ አጥንት ስለሚያጥር እንደ አዲስ ይለካ።

ቢኤምአይ ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ቁጥር ነው፣ ኪሎውን በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ማካፈል ነው። ለምሳሌ አንድ 1.72 ሜትር ቁመት ያለው 72 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እንውሰድ፣ 1.72 በ1.72 ሲባዛ 2.96 ይሆናል፣ 72 ለዛ ሲካፈል 24.3። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ኖርማል፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዛ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። ለእስያ ሕዝቦች ግን በትንሽ ቢኤምአይም በሽታው ስለሚመጣ 23 እና 27.5 ላይ ጥንቃቄ እንዲጀመር ይመከራል። ሰውየው ኖርማል ነው ማለት ነው፣ ለአሁኑ።

እዚህ ላይ ማቆም ግን ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀመሩን በ1830ዎቹ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ ቤልጅየማዊ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም፣ የፈለገውም የሕዝብን አማካይ ማወቅ ነበር፣ ቢኤምአይ የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ1972 አንሴል ኪስ ከሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ብዙ ሕዝብ ላይ ለማጥናት ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አንድ ሰው ላይ ሲመጣ ግን ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ስቡ የት እንዳለም አይናገርም። ክብደት የሚያነሳ ጂም የሚሠራ ሰውን ወፍራም ይለዋል፣ ጡንቻው ሟሽሾ ሆዱ ብቻ የወጣውን ሰውዬ ደህና ነህ ብሎ ይሸኘዋል። ሁለተኛው ነው እኔን የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ደህና ነህ የተባለ ሰው አይመረመርም።

ደረጃ 2፦ ወገብ (እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ)

ከሁሉም ልኬት አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይሄን ነው፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም ይሄንኑ ነው። የሱሪ ቁጥር ወገብ አይደለም፣ ሱሪ ከቦርጭ ሥር ይታሰራል፣ ቦርጩ ደግሞ ከላይ እያደገ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል።

እግራችሁን ገጠም አድርጋችሁ ቁሙ፣ ክብደታችሁ በሁለቱም እግር እኩል ይሁን። በጎናችሁ በኩል ከብብት ቀጥታ ወደ ታች ስትዳብሱ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ታገኛላችሁ፣ እዛ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። ከዛ ወደ ታች ስትሄዱ የዳሌ አጥንቱን የላይኛውን ጫፍ ታገኛላችሁ፣ እዛም ነጥብ። የሁለቱ መሃል ነው የሚለካው። ሜትሩን እዛ ላይ ዙሪያውን አዙሩ፣ ከኋላ ወደ ታች እንዳይወርድ በመስታወት እዩ ወይም ሰው ይያዝላችሁ፣ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ቆዳ ላይ ይረፍ እንጂ አያስጨንቅ፣ ቆዳው ውስጥ ገብቶ መስመር ከሠራ አጥብቃችኋል። አሁን ኖርማል ተንፍሱ፣ አየሩ ቀስ ብሎ ከወጣ በኋላ ቁጥሩን አንብቡ፣ ሆድ መሳብ የለም፣ ሆድ መንፋትም የለም። እጃችሁን ዘና አድርጉት። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር ከበለጠ ሁለቱንም ሰርዙና እንደገና ጀምሩ፣ ካልበለጠ አማካዩን ጻፉ።

አንዳንድ ቦታ ላይ ዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ወይም እምብርት ላይ ለኩ የሚል ታነባላችሁ፣ ሁሉም የራሱ መመሪያ አለው፣ ግን ቦታው ሲቀየር ቁጥሩም ስለሚቀየር አንዱን ያዙና ሁልጊዜ እሱኑ ለኩ። ከላይ ያልኳችሁ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ነው፣ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮችም ከእሱ ጋር ነው የሚሄዱት።

ለወንድ ከ94 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ስጋቱ ጨምሯል፣ ከ102 ሲያልፍ በጣም ጨምሯል። ለሴት ከ80 እና ከ88። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን ለብቻ ቁጥር እስኪገኝ ድረስ የአውሮፓውያኑን 94 እና 80 ተጠቀሙ ብሏል፣ ለደቡብ እስያ ወንዶች ግን 90 ነው።

ደረጃ 3፦ ወገብን ለቁመት ማካፈል

ቀላል ነው፣ ሁለቱንም በሴንቲሜትር አድርጋችሁ ወገብን ለቁመት አካፍሉ። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች መሆን አለበት፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 ከ0.4 እስከ 0.49 ጤናማ፣ ከ0.5 እስከ 0.59 ስጋቱ የጨመረ፣ 0.6 እና በላይ ከፍተኛ ስጋት ብሎ አስቀምጦታል፣ ቢኤምአያቸው ከ35 በታች ለሆኑ አዋቂዎች። ካልኩሌተር ከሌላችሁ ቁመታችሁን የሚያክል ገመድ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ የታጠፈው ገመድ ወገባችሁን ዙሮ ካልገጠመ ከ0.5 በላይ ናችሁ።

ያ ቢኤምአዩ 24.3 የሆነው ሰውዬ ወገቡ 95 ነው እንበል። 95 ለ172 ሲካፈል 0.55። በኪሎው ኖርማል የተባለው ሰው በዚህ ስጋት ውስጥ ነው ያለው፣ 94ንም አልፏል። አሁን ደግሞ 160 ሴንቲሜትር የሆነች 70 ኪሎ የምትመዝን ሴት እንይ፣ ቢኤምአይዋ 27.3 ስለሆነ ክብደት ቀንሺ ትባላለች፣ ወገቧ ግን 76 ቢሆን 0.475 ነው። የሆድ ስብን በተመለከተ ቶሎ መመርመር ያለበት እሱ ነው፣ ሚዛኑን ብቻ ብናይ ግን እሷን አስጨንቀን እሱን ነበር የምንሸኘው።

ደረጃ 4፦ ዳሌ

መቀመጫ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ዙሪያውን ለኩ፣ ወገብን ለዳሌ አካፍሉ። ለወንድ 0.90 እና በላይ፣ ለሴት 0.85 እና በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ከላይ ያለችው ሴት ዳሌዋ 104 ቢሆን 0.73 ይመጣል። ሴቶች የወር አበባ ከቆመ በኋላ ስቡ ከዳሌና ከጭን ይልቅ ወደ ሆድ መሄድ ስለሚጀምር ኪሎ ባይጨምርም ይሄ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፣ ያን ጊዜ መከታተሉ ጥሩ ነው። አንድ ችግር አለው፣ ሰው ሲቀንስ ወገብም ዳሌም አብረው ስለሚቀንሱ ቁጥሩ ያልተነቃነቀ ይመስላል፣ ለክትትል ወገቡ ብቻውን ይሻላል።

ደረጃ 5፦ የስብ ፐርሰንት በግምት

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች በ1984 ያወጡት የሜትር ቀመር አለ። አንገትን ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ሜትሩ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብሎ ለኩ። ወገብ በዚህ ቀመር ለወንድ እምብርት ላይ ነው፣ ለሴት ደግሞ በጣም በሚቀጥንበት ቦታ፣ ከደረጃ 2 ይለያል፣ አታምታቱት። ሴት ዳሌም ትጨምራለች። ሁሉም በሴንቲሜትር፦

ለወንድ፦ 495 ÷ (1.0324 − 0.19077 × ሎግ(ወገብ − አንገት) + 0.15456 × ሎግ(ቁመት)) − 450

ለሴት፦ 495 ÷ (1.29579 − 0.35004 × ሎግ(ወገብ + ዳሌ − አንገት) + 0.22100 × ሎግ(ቁመት)) − 450

ብዙ ሞባይል ላይ ካልኩሌተሩን ወደ ጎን ስታዞሩት ሎግ የሚል ቁልፍ ይወጣል፣ ኤልኤን የሚለው ሌላ ነው እሱን አትንኩ። ሰውየው እምብርቱ ላይ 96፣ አንገቱ 39 ከሆነ ውጤቱ ወደ 24.6 ፐርሰንት ይመጣል፣ ማለትም ከ72 ኪሎው 18 ኪሎ የሚጠጋው ስብ ነው። ስህተቱ ከ3 እስከ 4 ነጥብ ወደላይም ወደታችም ሊሆን ስለሚችል 24.6 ስትሉ ከ21 እስከ 28 ብላችሁ አስቡት።

ብዙ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ ለወንድ ከ18 እስከ 24፣ ለሴት ከ25 እስከ 31 ፐርሰንት ተቀባይነት ያለው፣ ከዛ በላይ የበዛ ይላል። ግን ዝቅ ማለቱም አደጋ አለው፣ ሰውነት ያለ ስብ አይሠራም፣ ሆርሞን፣ ነርቭ፣ የውስጥ አካላት ሁሉ ይፈልጉታል፣ የግድ የሚያስፈልገው ለወንድ ወደ 3 ፐርሰንት ለሴት ወደ 12 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሴት በጣም ስትከሳ የወር አበባ ይቆማል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስለዚህ ኦንላይን በምታዩት ፎቶ ተነስታችሁ ወደዛ ቁጥር አትሩጡ።

ካሊፐር (የቆዳ እጥፋትን ውፍረት የሚለካ መቆንጠጫ) ያለው ሰው ካለ ሌላ መንገድ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆዳውን ከነስቡ ከጡንቻው ለይቶ ያነሳል፣ ካሊፐሩን ከጣቱ 1 ሴንቲሜትር ራቅ አድርጎ ይነክሳል፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ያነባል። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል። ጃክሰንና ፖሎክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያስቀመጧቸው ሦስት ቦታዎች ለወንድ ደረት፣ ሆድና ጭን ናቸው፣ ለሴት የክንድ ኋላ፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ያለው ጎንና ጭን። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይለካችሁ፣ ሰው ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። የውስጠኛውን ስብ ስለማይነካ ግን ወገብን አይተካም።

ስለ ስማርት ሚዛኖች

ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ነው እዚህ ያስገባሁት። እነዚህ ሚዛኖች ስብን አያዩም። የማይሰማ ትንሽ ኤሌክትሪክ በእግር በኩል ይልካሉ፣ ውሃ ያለበት ጡንቻ በደንብ ያስተላልፋል፣ ስብ ደግሞ ይከለክላል፣ ማሽኑ ይሄን መከልከል ይለካና ዕድሜ፣ ጾታና ቁመታችሁን ጨምሮ በቀመር ይገምታል። ስለዚህ ውሃ ስትጠጡ፣ ስፖርት ስትሠሩ፣ ሲያልባችሁ፣ እግራችሁ ሲደርቅ ቁጥሩ ይዘላል፣ ጠዋትና ማታ ብትለኩ ሁለት የተለያየ ሰው የተለካ ይመስላል። በእግር ብቻ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው የታችኛውን አካል ነው የሚያነበው፣ ሆዳችሁን ከዛ ተነስቶ ነው የሚገምተው። መጠቀም ትችላላችሁ፣ ግን ጠዋት በአንድ አይነት ሁኔታ፣ የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ሳምንት አካሄድ እያያችሁ። የሰውነት ዕድሜ የሚለውን ቁጥር እለፉት፣ ሐኪም የሚሠራበት ነገር አይደለም። የልብ ፔስሜከር (የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ) ያለበት ሰው ፈጽሞ እንዳይወጣበት።

ትክክለኛ ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ዴክሳ የሚባል ምርመራ አለ፣ በሁለት አይነት ጉልበት ባለው ኤክስሬይ አጥንትን፣ ስብንና ሌላውን ለይቶ ያሳያል፣ ጨረሩ ከተለመደው የደረት ኤክስሬይ ያነሰ ነው። ለአብዛኛው ሰው ግን አያስፈልግም፣ ሜትሩ የሚነግራችሁን ነገር ለማረጋገጥ ብቻ ሲቲ ስካን ማድረግማ ጨረሩም ወጪውም አይገባም።

ደረጃ 6፦ ጡንቻ፣ በተለይ ለትልልቅ ሰዎች

ሁሉም ስለ ስብ ያወራል፣ ጡንቻ መሟሸሽ ግን ዕድሜው የገፋን ሰው የሚጥል፣ አጥንት የሚያሰብር፣ ሕመም ሲመጣ እንዳይቋቋም የሚያደርግ ነገር ነው። እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን እባካችሁ ይሄን ሞክሩላቸው። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስጠጉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው 5 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነሱና ይቀመጡ፣ እናንተ ሰዓት ያዙ፣ አጠገባቸውም ቁሙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ወይም ካቃታቸው ጡንቻቸው ደክሟል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ቀጥሎ ባታቸውን በጣም በሚወፍርበት ለኩ፣ ከ31 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ሌላ ምልክት ነው፣ እግር ካበጠ ግን ልኬቱ ያታልላል። ቦርጭ ኖሮ ባት የቀጠነበት ሰው ሁለቱም ስጋት አለበት፣ ለእሱ ደግሞ ምግብ ቀንሶ ኪሎ መጣል ብቻውን ጡንቻውን አብሮ ይወስድበታል።

ሳይፈልጉት በ6 ወር ወይም በ1 ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 5 ፐርሰንትና ከዛ በላይ የቀነሱ ከሆነ ቀነሱ ተብሎ ደስ አይባልም፣ ይመርመሩ።

ሕፃናት ላይ የአዋቂን ቁጥር አትጠቀሙ። ከ2 ዓመት ጀምሮ ቢኤምአይ በዕድሜና በጾታ ሠንጠረዥ ነው የሚነበበው። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉት የግራ ክንድ መሃል ዙሪያ ይለካል፣ ከ12.5 ሴንቲሜትር በታች የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 በታች ደግሞ በጣም የከፋው ስለሆነ በዛው ቀን ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከዛስ?

ሜትር በሽታ አይመረምርም፣ ማን ቶሎ መመርመር እንዳለበት ነው የሚለየው። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ ካለፈ፣ ምንም ባያማችሁም፣ አራት ነገር አስለኩ፦ የደም ግፊት (130/85 እና በላይ)፣ በባዶ ሆድ ስኳር (100 እና በላይ)፣ ትራይግሊሰራይድ (150 እና በላይ)፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል (ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች)፣ የደም ምርመራዎቹ ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ከእነዚህና ከወገብ ጋር ከአምስቱ ሦስቱ ካሉባችሁ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል፣ የስኳርና የልብ በሽታ ዕድላችሁ ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንዱም ቢሆን ሐኪም ማየት አለበት።

ለክትትል ወገብ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይበቃል፣ ከዛ በላይ መለካት ጭንቀት ነው የሚጨምረው። የ1 ሴንቲሜትር ለውጥ የአለካክ ልዩነት ሊሆን ስለሚችል በእሱ አትደሰቱም አትዘኑም፣ በተከታታይ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ነው ቁም ነገሩ። ስፖርት ከጀመራችሁ ኪሎው ቆሞ ወገቡ ሲቀንስ ታያላችሁ፣ ያን ጊዜ ሚዛኑን አይታችሁ አታቋርጡ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወገቡን የት ቦታ ላይ እንደለካችሁ ጭምር ንገሩት፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊትና በኋላ ያለውን አሳዩት፣ ምክንያቱም እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች ሆድ ላይ ስብ ስለሚያከማቹ መንስኤውን ለማወቅ ይረዳዋል።